ቁጥሩ የማን ነው?

አያሃ የሶማሊላንድ ዋና ከተማ የሐርጌሳ ዳር ሰፈር ነው። ከሶማሊያ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ከስደት የተመለሱና ከተማው መሃል ቦታ ያጡ ሰዎች የሰፈሩበት፣ እየሰፋ ሲሄድም በቁጥር ተከፋፍሎ አያሃ 2፣ አያሃ 3 እየተባለ የሚጠራ። እዚህ ሰፈር ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት እንዳለ እናስብ። ድረ-ገጹም ኢሜይሉም ጀርመን ባለ የሆስቲንግ ሰርቨር ላይ ተቀምጠዋል። ቢሮው ኢንተርኔት የሚያገኘው ሲም ካርድ ከገባባት ትንሽ ራውተር ነው። ሐሙስ ጠዋት የኮምፒውተሩን ሥራ የሚከታተለው ወጣት የመምህራኑን የኢሜይል ይለፍ ቃል ቀይሮ ወደ ሌላ ጉዳዩ ይሄዳል። ዓርብ በሐርጌሳ የዕረፍት ቀን ነው። ቅዳሜ ቢሮ ሲገባ ድረ-ገጹ አይከፈትም፣ ኢሜይሉ አይመጣም፣ የሰርቨሩ መቆጣጠሪያ ገጽም ለረጅም ጊዜ ሲሽከረከር ቆይቶ ግንኙነቱ ጊዜው አለፈ ይላል። ለንደን ወዳለች እህቱ ይደውላል። «እኔ ጋ ይከፈታል እኮ!» ትለዋለች።

የእህቱ መልስ የሥራውን ግማሽ ጨረሰለት። ሰርቨሩ ቆሟል እንዳይባል ለንደን ላይ ይሠራል። ክፍያ ተቋርጧል እንዳይባል ያን ጊዜ ለሁሉም ይዘጋ ነበር። የተዘጋው ልጁ የመጣበት የአይፒ አድራሻ፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ የሚለይበት ቁጥር፣ ሳይሆን አይቀርም። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ግን ከባድ ነው፤ ያ አድራሻ በእርግጥ የእሱ ነው ወይ?

መጀመሪያ ማን እንደዘጋው እንይ። ለዓለም ሁሉ ክፍት የሆነ ሰርቨር ቀንና ሌሊት ይለፍ ቃል በሚገምቱ ፕሮግራሞች ይደበደባል። አዲስ ሰርቨር ተከፍቶ ቀኑ ሳይመሽ ሙከራው ይጀምራል። የሰርቨሩ ባለቤቶችም ይህን ቁጭ ብለው ሊከላከሉ አይችሉምና ጥበቃውን ለፕሮግራም ሰጥተውታል። ከታወቁት አንዱ ሲሪል ዣኪየ የተባለ ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመረው ፌይል-ቱ-ባን ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሌላው ሲፓነል የሚባለው የሆስቲንግ መቆጣጠሪያ ባለባቸው ሰርቨሮች ላይ ለብዙ ዓመታት የነገሠው ሲኤስኤፍ ነው። የሲኤስኤፍ ባለቤት የነበረው የእንግሊዝ ኩባንያ በኦገስት 2025 ሥራውን ሲያቆም ኮዱን በነፃ ለቆታል፤ ስለዚህ ዛሬም በብዙ ሰርቨሮች ላይ እየሠራ ያገኙታል።

ሁለቱም አንድ ዓይነት ሥራ ነው የሚሠሩት። የሰርቨሩን መዝገብ ያነባሉ፣ የተሳሳተ ይለፍ ቃል ከየትኛው አድራሻ እንደመጣ ይቆጥራሉ፣ ቁጥሩ ከገደብ ሲያልፍ አድራሻውን ፋየርዎሉ (የሰርቨሩ የግንኙነት ማጣሪያ) ላይ ይጽፋሉ። ፌይል-ቱ-ባን ማንም ካልነካው በ10 ደቂቃ ውስጥ 5 ስሕተት ሲያይ ለ10 ደቂቃ ይዘጋል። ሲኤስኤፍ በሲፓነል ላይ በተለመደው አቀማመጡ ኢሜይል ለማንበብ የሚገባ ሰው በ1 ሰዓት ውስጥ 10 ጊዜ ሲሳሳት ነው የሚነቃው። ብዙ የሆስቲንግ ድርጅቶች መጀመሪያ ለጊዜው እንዲዘጋ ያደርጉትና፣ ያው አድራሻ በአንድ ቀን 4 ጊዜ ከተያዘ ወደ ቋሚው ዝርዝር ያዛውሩታል።

አሁን ወደ መምህራኑ ስልክ እንሂድ። ይለፍ ቃሉ ሰርቨሩ ላይ ተቀይሯል፣ ስልኮቹ ውስጥ ግን አሮጌው አለ። ኢሜይሉን በየሩብ ሰዓቱ የሚፈትሽ አንድ ስልክ በሰዓት 4 ጊዜ ይሳሳታል። ሁለት ስልክ 8 ጊዜ ነው፤ አሁንም ከ10 በታች ነው። ሦስተኛው መምህር ቢሮ ገብቶ ስልኩ ከዋይፋዩ ጋር ሲገናኝ 12 ይሆናል። ማንም ጣቱን አላነሣም፣ ማንም አልተሳሳተም፣ ሁሉም ሻይ እየጠጡ ነው፤ ሰርቨሩ ግን ጥቃት አይቷል። ብዙ ሰው «ምንም አልነካሁም እኮ» የሚለው እውነቱን ነው። የነካው ስልኩ ነው።

ሦስቱ ስልኮች እንደ አንድ የተቆጠሩት በአንድ ራውተር ስለሚወጡ ነው። ይህ እንግዲህ የቢሮው ጉዳይ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ የቴሌኮም ኩባንያው አለ። የኢንተርኔት አድራሻ ሲፈጠር በ32 ቢት ተለክቶ ነበርና ሊኖር የሚችለው ብዛት ከ4.3 ቢሊዮን ትንሽ የሚያንስ ነው። ይህ ለዓለም ሕዝብ እንኳ አይበቃም። የዓለሙ ማከፋፈያ በፌብሩዋሪ 2011 የመጨረሻዎቹን ትልልቅ ክምችቶች አደለ። የአፍሪካ ድርሻ ጠባቂ የሆነው፣ ሞሪሺየስ የሚገኘው አፍሪኒክ ደግሞ በጃንዋሪ 2020 ለአንድ ጠያቂ በአንድ ጊዜ ከ1,024 አድራሻ በላይ አልሰጥም የሚልበት ደረጃ ላይ ደረሰ። ለብዙ የሞባይል ኩባንያዎች መውጫው ብዙ ደንበኛን ከአንድ አድራሻ ጀርባ ማሰለፍ ሆነ። በኤፕሪል 2012 ለዚሁ ሥራ የሚውል፣ ከ100.64 ጀምሮ እስከ 100.127 የሚዘልቅ ልዩ የውስጥ ቁጥር ተመደበ። ራውተሩ ውስጥ ገብተው የኩባንያው ሲም የሰጠውን ቁጥር ሲያዩ በዚህ ክልል ውስጥ ከሆነ፣ ወይም በ10 የሚጀምር ከሆነ፣ ዓለም የሚያየው አድራሻዎ የእርስዎ ብቻ አይደለም።

ዘበኛ ከሚኒባስ ውስጥ አንድ ተሳፋሪ ሰደበኝ ብሎ ታርጋውን ቢመዘግብና ሚኒባሱን ሁለተኛ ወደ ግቢው አላስገባም ቢል፣ የሚጎዱት በማግሥቱ የሚሳፈሩት ናቸው። በጋራ አድራሻ ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። አያሃ ያለው ልጅ አንዳንዴ የሚከፍለው ስሙን እንኳ የማያውቀው፣ ከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ያለ ሰው ቫይረስ የገባበት ኮምፒውተር የሠራውን ዕዳ ነው።

ይህ በትልቁ ሲሆንም ታይቷል። በ2007 መባቻ ላይ የእንግሊዝኛ ዊኪፔዲያ አስተዳዳሪዎች ገጽ የሚያበላሽ አንድ አድራሻ ዘጉ፤ በኋላ ሲታይ የኳታር የኢንተርኔት ትራፊክ በጠቅላላ የሚወጣው በዚያ አድራሻ ነበር። እገዳው ብዙም ሳይቆይ ተነሣ። የቅርቡን ብናይ፣ ክላውድፍሌር በ2025 ባወጣው ጥናት ብዙ ሰው የሚጋራቸው አድራሻዎች ከሌሎቹ በ3 እጥፍ ያህል ገደብ እንደሚጣልባቸው፣ ከእነሱ የሚመጣው የሮቦት ትራፊክ ግን የበለጠ እንዳልሆነ ገልጿል። ጉዳቱ የሚበዛው አድራሻ ዘግይቶ በደረሰበት አህጉር ነው፤ በእኛ። አሜሪካ ውስጥ ተጽፎ ለአንድ ቤት አንድ አድራሻ ብሎ የሚያስብ የጥበቃ ደንብ ሐርጌሳና አዲስ አበባ ሲደርስ ሰፈር ይዘጋል።

ሐርጌሳ ላይ ደግሞ የራሷ የሆነ ሁለተኛ ጣጣ አለ። ሶማሊላንድ በ1991 ነፃነቷን ብታውጅም የዓለም አቀፉ የአገሮች መለያ ኮድ የተባበሩት መንግሥታትን ዝርዝር ስለሚከተል የራሷ ኮድ የላትም። የስልክ መለያዋ 252 ነው፤ ከሞቃዲሾ ጋር አንድ። አድራሻዎችን በአገር የሚመድቡት የመረጃ ቋቶችም ሐርጌሳን ሶማሊያ ብለው ነው የሚመዘግቡት። የሆነ ቦታ ያለ የሰርቨር አስተዳዳሪ «ከዚህ አገር ደንበኛ የለኝም» ብሎ የሶማሊያን ኮድ በአንድ ጠቅታ ሲዘጋ ሐርጌሳም አብራ ትዘጋለች። ይህ ከይለፍ ቃሉ ጉዳይ ጋር አይገናኝም፤ ስልክ ማጥፋትም ሆነ መጠበቅ አይፈታውም። ድረ-ገጹ በክላውድፍሌር ጀርባ ከሆነ መለየቱ ቀላል ነው፤ 1006 የሚል የስሕተት ቁጥር የተዘጋው አድራሻዎ እንደሆነ፣ 1009 የሚል ደግሞ የተዘጋው አገር እንደሆነ ይነግራል።

ሦስተኛ ዓይነት መዘጋትም አለ፤ እሱ ሰርቨሩን አያውቀውም። በኖቬምበር 2017 የሶማሊላንድ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ሲካሄድ የምርጫ ኮሚሽኑ ውጤት እስኪገለጽ ማኅበራዊ ሚዲያ እንዲዘጋ ጠየቀ፤ ኩባንያዎቹም ዘጉ። ኢትዮጵያ ውስጥም በጁላይ 2020 ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ፣ በአማራ ክልል ከኦገስት 2023 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ፣ ጀርመን ላለ የሆስቲንግ ድርጅት አቤት ማለት ፋይዳ አልነበረውም። ሰርቨሩ ክፍት ነበርና። እነዚህን ሦስቱን ሳይለዩ መፍትሔ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው።

የሚለየው እንዲህ ነው። ሐርጌሳ ውስጥ የአንዱ ኩባንያ ደንበኛ ለሌላው ኩባንያ ደንበኛ መደወል ለረጅም ዘመን አይችልም ነበርና፣ ሰዉ የቴሌሶምና የሶምቴል ሲም ለየብቻ ይዞ መዞርን ለምዷል። ለስልክ ጥሪ አሰልቺ የሆነው ነገር እዚህ ይጠቅማል። በአንዱ ሲም ያልተከፈተው ድረ-ገጽ በሌላው ከተከፈተ፣ የተዘጋው የመጀመሪያው መውጫ አድራሻ ነው ማለት ይቻላል። በሁለቱም ካልተከፈተና ለንደን ከተከፈተ፣ የአገር መዘጋትን መጠርጠር ነው። አዲስ አበባም ከ2022 ወዲህ ሳፋሪኮም ስለገባ ያው ሙከራ ይሠራል። የኬላ ዱካ የሚያሳየውን ትእዛዝ፣ ትሬስራውት የሚባለውን፣ የሚያውቅ ሰው ደግሞ መንገዱ የት ላይ እንደሚቆም ያያል፤ አገር ውስጥ ከቆመ ሦስተኛው ዓይነት መዘጋት ሳይሆን አይቀርም፣ ጀርመን ደርሶ የመጨረሻው ደጅ ላይ ከቆመ ግን ከፊተኞቹ ሁለቱ አንዱ። (በመካከል ያሉ አንዳንድ ራውተሮች ለዚህ ጥያቄ መልስ ስለማይሰጡ አንድ ባዶ መስመር ሲታይ አለመደንገጥ ነው።)

የስሕተቱ ዓይነትም ይናገራል። ገጹ ረጅም ጊዜ ተሽከርክሮ ከሞተ ፋየርዎሉ ጥያቄውን ዝም ብሎ እየጣለው ነው፤ ሲኤስኤፍ በተለመደው እንዲህ ነው የሚያደርገው። ወዲያው እምቢ ከተባለ የተዘጋው አንድ አገልግሎት ብቻ ሊሆን ይችላል። 403 የሚል ቁጥር ከመጣ ደግሞ ሰርቨሩ አነጋግሮዎታል ማለት ነው፤ የከለከለው ፋየርዎሉ ሳይሆን ከኋላው ያለው የድረ-ገጹ ሶፍትዌር ነው፣ ምናልባትም ሞድ-ሴኩሪቲ የሚባለው ማጣሪያ።

መዘጋቱ ከታወቀ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ መሞከር ማቆም ነው። ይህን አጥብቄ የምለው ሰው ሲዘጋበት ደጋግሞ መንካት ስለሚቀናው ነው። አሮጌው ይለፍ ቃል ያለባቸው ስልኮች ሁሉ ከቢሮው ዋይፋይ ይውጡ፤ የኢሜይል መተግበሪያቸውም ይዘጋ። የእገዳው ጊዜ አልቆ አድራሻው ሲፈታ ያው ስልክ በሩብ ሰዓት ውስጥ ቆጠራውን እንደገና ይጀምራል፤ አራተኛው ዙር ላይም ጊዜያዊው ቋሚ ይሆናል።

ቀጥሎ የወጪ አድራሻዎን ይወቁ። ኮምፒውተሩ ላይ በ192.168 የሚጀምረው ቁጥር የቢሮው የውስጥ ቁጥር ነው፤ ለሆስቲንግ ድርጅቱ ያንን መላክ ምንም አይፈይድም። የድጋፍ ሠራተኞች በየቀኑ የሚቀበሉት ግን እሱን ነው። መፈለጊያ ላይ «የእኔ አይፒ ምንድን ነው» ብሎ መጠየቅ ይበቃል፤ ነገር ግን ጥያቄው በተዘጋው ሲም በኩል ይሁን። በሌላው ሲም ሆነው ከጠየቁ ያልተዘጋውን አድራሻ ነው የሚሰጥዎት፤ ያንን አስፈትተው ምንም ሳይለወጥ ይቀራሉ።

ከዚያ መግቢያ ይፈለጋል። በአብዛኛዎቹ ድርጅቶች ክፍያ የሚፈጸምበትና ቲኬት የሚከፈትበት የደንበኞች ገጽ የሚቀመጠው በሌላ ሰርቨር ላይ ስለሆነ ከተዘጋው አድራሻም ይከፈታል። አንዳንዶቹ እዚያው ላይ አድራሻን ራስዎ የሚፈቱበት ቁልፍ አስቀምጠዋል። ከሌለ ቲኬት ይጻፋል። ጥሩ ቲኬት አጭር ነው፤ የድረ-ገጹ ስም፣ የወጪው አድራሻ፣ የታየው ስሕተት፣ ከሌላ ኔትወርክ መከፈት አለመከፈቱ፣ መቼ እንደጀመረ። «መቼ» ላይ ሐበሻ ይሰናከላል። ብዙ ሰርቨሮች የሚመዘግቡት በግሪንዊች ሰዓት ነው፤ አዲስ አበባም ሐርጌሳም ከዚያ በ3 ሰዓት ይቀድማሉ። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት የተዘጋ ነገር መዝገቡ ላይ 11:00 ሆኖ ነው የሚገኘው። ቲኬቱ ላይ 8:00 ተብሎ ከተጻፈ ሠራተኛው የሚፈልገው ቦታ ባዶ ነው፤ «ምንም አላገኘንም» የሚለው መልስም ይመጣል።

በቲኬቱ ላይ «ክፈቱልኝ» ከማለት ጋር «ለምን እንደተዘጋ የሚናገረውን መስመር ላኩልኝ» ማለት ያስፈልጋል። ያች አንድ መስመር ዋጋዋ ትልቅ ነው። የትኛው አገልግሎት ላይ፣ ስንት ጊዜ፣ ብዙ ጊዜም በየትኛው የኢሜይል ስም እንደተሞከረ ትናገራለች። ስሙ የራስዎ መምህር ከሆነ ስልኩን ይዘው ያርማሉ። ስሙን ጭራሽ የማያውቁት ከሆነ ጥፋቱ ከእርስዎ ጋር አድራሻ የሚጋራ የሌላ ሰው ነው፤ ይለፍ ቃል ሲቀያይሩ ቢውሉ ለውጥ የለውም።

ሙሉ ሰርቨር ተከራይቶ ራሱን ቆልፎ ውጭ የቀረ ሰው ደግሞ ለምኖ የሚከፍትለት የለም። ለእሱ የሚያገለግለው አከራዩ ድርጅት በገጹ ላይ የሚሰጠው ኮንሶል ነው። ኮንሶሉ የሰርቨሩን ስክሪን በቀጥታ ስለሚያሳይ የሰርቨሩ ፋየርዎል አይመለከተውም። ገብቶ አድራሻውን በሲኤስኤፍ መፈለግ፣ ከጊዜያዊውም ከቋሚውም ዝርዝር ማውጣት ይቻላል። ሁለቱም ዝርዝሮች መታየት አለባቸው። የሲፓነሉ የራሱ ጠባቂ ሲፒሃልክ፣ ካለም ኢሙኒፋይ የሚባለው ሌላ ጠባቂ፣ የየራሳቸው መዝገብ ስላላቸው አንዱ ጋ ተፈትቶ ሌላው ጋ ታስሮ የሚቀር አድራሻ ብዙ ነው። ቋሚ የሚባለውም ዝርዝር ስሙን ያህል ቋሚ አይደለም፤ ሲኤስኤፍ በተለመደው 200 አድራሻ ብቻ ይዞ አዲስ ሲመጣ አሮጌውን ይጥላል። «ከሳምንት በኋላ በራሱ ተከፈተ» የሚባለው ተአምር አንዳንዴ ከዚህ ይመጣል።

  

ዳግም እንዳይዘጋ ሲታሰብ ብዙ ሰው የሚጠይቀው «አድራሻዬን ሁልጊዜ የሚታለፍ አድርጉልኝ» ብሎ ነው። በሞባይል ሲም ለሚሠራ ሰው ይህ መጥፎ ሐሳብ ነው። አድራሻው ነገ ይቀየርና ፈቃዱ ለሌላ ሰው ይተርፋል፤ ባይቀየርም አብረው የሚወጡት ሁሉ ጥበቃውን አልፈው ይገባሉ። ልባም አስተዳዳሪ ይህን አይፈቅድም፤ በተለይ ብዙ ደንበኞች በሚጋሩት ሰርቨር ላይ።

የሚሻለው የራስ የሆነ ቋሚ አድራሻ ማግኘት ነው። ከቴሌኮም ኩባንያው መግዛት ይቻላል፤ ለትንሽ ትምህርት ቤት ግን ሊከብድ ይችላል። ርካሹ መንገድ ውጭ አገር ትንሽ ሰርቨር ተከራይቶ የራስን ቪፒኤን መትከል ነው። የዚያ ሰርቨር አድራሻ የማንም ሳይሆን የተከራዩ ነው፤ ቴሌሶም ሆነ ሶምቴል፣ አያሃም ሆነ የድንበሯ ከተማ ወጃሌ፣ ሲሙ ቢቀያየርም ለሆስቲንጉ የሚታየው እሱ ብቻ ይሆናል። የአገር መዘጋቱም በዚያው ይቀራል፤ ለምሳሌ ፍራንክፈርት ያለ አድራሻ ጀርመን ተብሎ ነው የሚመዘገበው። ለብዙ ሰው የተከፋፈለ ነፃ ቪፒኤን ግን አይመከርም፤ የእነዚህ አድራሻዎች ገና ከመነሻው በብዙ የእገዳ ዝርዝር ላይ የተጻፉ ናቸው።

ሰርቨሩን የሚያስተዳድሩት ራስዎ ከሆኑ ደግሞ ወደ ትእዛዝ መስመሩ የሚገቡበትን ይለፍ ቃል በቁልፍ ፋይል ይተኩ፤ የሚገመት ነገር ሲጠፋ የሚቆጠር ስሕተትም ይቀንሳል። ሲኤስኤፍ ከቁጥር ይልቅ ስም ተቀብሎ አድራሻው በተቀየረ ቁጥር ራሱ የሚከታተልበት አሠራርም አለው። የኢሜይል ይለፍ ቃል ለመቀየር ያሰቡ ቀን ደግሞ ሐሙስን ባይመርጡ ጥሩ ነው፤ ስልኮቹ ሁሉ ቢሮ ባሉበት፣ ባለቤቶቻቸውም አጠገብዎ በቆሙበት በቅዳሜ ጠዋት ያድርጉት፣ አንዱን ስልክ አስተካክለው ሳይጨርሱም ወደ ሌላው አይሂዱ።